የአባቴ ስንዴ ሥር

እኔ ሲፈጥረኝ ዝም ማለት አላውቅም፤ ያን ሰሞን ግን አፌን ለጉሜ ሰነበትኩ። በአባቴ ስንዴ የተነሳ ነው።

በግብርና ምርምር ጣቢያ፣ ግሪንሃውስ በሚሉት የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ውሃ አጠጪ ነኝ። የዘር ተመራማሪዋ ዶክተር፣ ፎስፈረስ የሚሉት የአፈር ምግብ ባጠረው አፈር ላይ ሃያ ዓይነት ስንዴ፣ እያንዳንዱን በአራት ባልዲ ዘራች። እጥረቱን መቋቋም ያቃተው ዘር ከጣቢያው የዘር ማከማቻ ወጥቶ ይጣላል። አንደኛው አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲዘራው የኖረ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ከዚህ ማከማቻ በቀር የትም አይገኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ያ ስንዴ ቅጠሉ ጠቆረ፣ ቁመቱም ቀጨጨ። አንጀቴን በላው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከመጋዘን አንድ እፍኝ ማዳበሪያ አምጥቼ በሦስቱ ባልዲዎች ላይ በተንኩ። አራተኛው ሲቀረኝ ዶክተሯ መጣች፤ እጄን በሽርጤ ጠረግሁ።

ሦስቱ እንዴት አማረባቸው መሰላችሁ! እኔ ግን ጥፋቴ ትዝ እያለኝ በአጠገባቸው ሳልፍ ፊቴን አዞር ጀመር። በሁለተኛው ወር፣ ስንዴው ተነቅሎ ሥሩ ታጥቦ የሚታይበት ቀን ሲደርስ፣ አላስቻለኝም።

«ዶክተር፣ ጉድ ሠርቻለሁ» ብዬ ዘረገፍኩት።

ፊቷ ደም መሰለ። «እትዬ! እርስዎ? የሁለት ወር ልፋቴን!»

«እኔን አባርሪኝ። ዘሩን ግን አትጣይብኝ፤ እሱ ምን አጠፋ?»

ማዳበሪያ ካገኙት ባልዲዎች አንዱን ገልብጣ ሥሩን አጠበች፤ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። ቀጥላ ያልነካሁትን ገለበጠች። አቤት! ሥሩ ታጥቦ አያልቅም። ባልዲውን ዞሮ ዞሮ፣ ታች ደርሶ ተመልሷል። ለካስ ከላይ ቀጭጮ ያስለቀሰኝ፣ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ሥሩ ልኮት ኖሯል።

«ያዩታል? ያለችውን ፎስፈረስ አንድ በአንድ ሲለቅም እኮ ነው የከረመው!» አለች፣ ንዴቷን ረስታ። «በአንድ ባልዲ ግን አይፈረድም። እንደገና እንዘራዋለን፤ እስከዚያ ማንም አይነካውም።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ማን ያጠጣዋል?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! የመጋዘኑ ቁልፍ ግን እኔ ጋ ይውላል።»

ሳቄም እንባዬም እኩል መጡ። አባቴ በዚያ ጭንጫ መሬት ሰባታችንን ሲያሳድግ ማዳበሪያ የሚባል አያውቅም። እኛ ሳንጠግብ እጁን ወደ ገበታ ሲሰድም አይቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ በእፍኝ ማዳበሪያ ላድንለት!

ሥሩን በእርጥብ እጄ አቅፌ፣ «አባዬ፣ ስላሳደግኸን አመሰግናለሁ» አልኩት። በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ብዬው አላውቅም ነበር።