በየትኛው በጀት?

ቢሮ ውስጥ «እመት ፕሮፖዛል» ይሏታል። ሥራዋ ልመና ነው ብትሏት ትቆጣለች፤ ግን ልመና ነው፣ ያውም በኮምፒውተር። ድርጅቱ በየአገሩ ቅርንጫፍ ያለው፣ ሰውን በሚመርዝ አየር፣ ውኃና ቀለም ላይ የዘመተ በጎ አድራጊ ነው። የእሷ ቅርንጫፍ ድርሻ ሊድ ነው፤ ቀለም እንዲደምቅ ተብሎ የሚጨመር፣ የሕፃናትን አእምሮ ግን ሳይታወቅ የሚጎዳ መርዝ። አሁን ፈንዱ አልቋል። አዲስ ለጋሽ ካልተገኘ ቢሮው ይዘጋል፤ እሷም ከባሏና ሁለት ዓመት ካልሞላት ልጇ ጋር ተፋጥጣ ቤቷ መቀመጧ ነው።

ድርጅቱ አንድ ክፉ ሕግ አለው። ዕቃ ሥራ ላይ የሚውለው በጀት ሲኖረው ብቻ ነው። ቀለም ውስጥ ያለ ሊድን የሚለካው፣ ሲያገኘውም የሚጮኸው፣ የፀጉር ማድረቂያ የሚመስለው መሣሪያ ፕሮጀክቱ ባለቀ ዕለት ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል። ባለመሣሪያው፣ ያው ሲለካ የኖረው ረጅም ሰውዬ፣ አሁን ሥራው የሣጥኑን አቧራ መጥረግ ሆኗል። «ጋሼ፣ አንዴ ልክፈተው?» ሲል የቢሮው ኃላፊ መነጽራቸውን ዝቅ ያደርጉና «በየትኛው በጀት?» ይሉታል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ሌላ ምንድነው?

እንዲህ እያሉ አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። አንድ ትልቅ ለጋሽ ድርጅት ማመልከቻዋን ወዶታል፤ ቢሮውን የምታይ ገምጋሚ ይልካል። እመት ፕሮፖዛል በደስታ ወንበሯ ላይ ተሽከረከረች። ኃላፊው ግን ግድግዳውን አይተው ፊታቸው ጠቆረ።

«በዚህ ግድግዳ እንግዳ ልንቀበል? ኧረ በስመአብ! ይቀባ! ደግሞ የሚደምቅ ይሁን።»

ለቀለሙማ በጀት አልጠፋም፤ ከእንግዳ መቀበያው ወጣ። ኧረ እንዴት ደመቀ! ቢጫ ብላችሁ የምታውቁት ሁሉ አጠገቡ ሲቆም ያፍራል። ባለመሣሪያው አንዱን ባዶ ጣሳ አገላብጦ አየና፣ «ጋሼ፣ ይሄን እንኳ ብንለካው...» አለ።

«በየትኛው በጀት?»

አለቀ። ኃላፊው ብክነት የማይወዱ ደግ ሰው ናቸውና የተረፈውን ቀለም ለሠራተኛው አከፋፈሉት። እመት ፕሮፖዛልም የድርሻዋን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ባሏም የልጅቷን የእንጨት አልጋ ቀባላት። እንዴት አላሰበችም ትሉኝ ይሆናል። ቀለሙን ያስመረጡት የሊድ ተቆጣጣሪው ኃላፊ፣ የተቀባውም የሊድ ቢሮ! እሷ ዘንድ መርዝ የሚኖረው ፕሮፖዛል ውስጥ ነው፣ ሌሎች ሰዎች ቤት። ልጅቷ ጥርስ እያወጣች ነበርና ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፣ የአባቷን አፍንጫ ጭምር። አዲሱን አልጋ እንዴት እንደወደደችው! ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ እየጋጠች በጠዋት ስትጣራ እናቲቱ በሣቅ ትሞታለች።

ገምጋሚዋ መጡ። አጠር ያሉ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ጫማቸው የእግረኛ፣ ዓይናቸው የመርማሪ። ኃላፊው ወንበር ሳቡላቸው፣ ስለ ግድግዳው ምስጋና ጠበቁ፣ አላገኙም።

«ማመልከቻሽን አንብቤዋለሁ» አሉ ሴትዮዋ ወደ እመት ፕሮፖዛል ዞረው። «ቋንቋሽ ያምራል። በየገጹ ‹ተጋላጭ የማኅበረሰብ ክፍሎች› ይላል። እነማን ናቸው?»

«እ... እነሱማ... ለችግሩ ተጋላጭ የሆኑት ናቸው።»

«እሱንማ ተጋላጭ ሲል ገባኝ።»

ኃላፊው ነገሩ ሲበላሽ አይተው ቶሎ ጣልቃ ገቡ፤ «መሣሪያችንን ለምን አናሳይዎትም?» አሉ። ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ፤ እንግዳ ፊት በጀት አይጠየቅማ! ባለመሣሪያው ሣጥኑን ከፍቶ መሣሪያውን እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣው፤ የናፈቀ ሰው ነው።

«እዚህ ግድግዳ ላይ ለካ» አሉ ኃላፊው። «ንጹሕ ቀለም ምን እንደሚመስል እንዲያዩ።»

መሣሪያው ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ጮኸ።

«ተቆልፎ ስለከረመ ነው» አሉ ኃላፊው። «እዚያኛው ላይ።»

እዚያኛው ላይም ጮኸ። ኮሪደሩ ላይ ጮኸ፣ ኃላፊው ቢሮ ሲደርስ እንደ አምቡላንስ ሆነ። «ባትሪው ነው! ባትሪው!» እያሉ ይከተሉታል። ባለመሣሪያው መቼስ ጨዋ ነው፤ ቁጥሩን እያሳየ ብቻ ክፍል ለክፍል ዞረ። በመጨረሻ ዝም ያለው ሽንት ቤት ውስጥ ነው፤ እንግዳ አያየውም ተብሎ እዚያ አልተቀባም ነበር።

እንግዳዋ እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ። «እንግዲህ ስብሰባችንን እዚህ እንጨርሳለን!» አሉ የሽንት ቤቱን በር ይዘው። ኃላፊው እንኳ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ያልሣቀችው እመት ፕሮፖዛል ብቻ ናት።

«አልጋው» አለች።

«የምን አልጋ?»

«የልጄ አልጋ። ያንን ቀለም... ጋሼ፣ ልጄ እኮ ትነክሰዋለች!»

ሣቁ ቀጥ አለ። ኃላፊው መሣሪያውን ከባለመሣሪያው እጅ ነጥቀው ወደ መኪናቸው ሲሮጡ፣ ምስኪኑ ከልማድ የተነሣ ከኋላ፣ «ጋሼ፣ በየትኛው በጀት?» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል፣ ግባ!»

አራቱም በአንድ መኪና ሄዱ። በሩን የከፈተው ባሏ እንግዳውን ሁሉ፣ ደግሞም ኃላፊው የደገኑትን ነገር ሲያይ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ማንም አላስረዳውም። ልጅቷ አልጋዋ ውስጥ ቆማ ጠርዙን እየጋጠች ነበር፤ ብዙ ሰው በማየቷ ደስ ብሏት በቢጫ ከንፈር ሣቀችላቸው። እናቷ አፈፍ አድርጋ አነሣቻትና አፏን በቀሚሷ እየጠረገች ማልቀስ ጀመረች። መሣሪያው ጮኸ። ጠርዙ ላይ አይጥ የበላው የመሰለ የትንንሽ ጥርስ ምልክት አለ፤ ኃላፊው በጣታቸው ዳሰሱት።

«እኔ ነኝ ያበላኋት» አሉ።

አልጋው ወጣ፣ ልጅቷም ስለ አልጋዋ ሠፈር እስኪሰማ አለቀሰች፣ ሐኪም ቤት ተወሰደች፣ ደሟ ተመረመረ። ተመስገን ነው፤ መርዙ ገብቷል፣ ግን ገና ጥቂት ነው። ሐኪሙ «በጊዜ ደርሳችኋል፤ ከእንግዲህ እንዳታገኘው ብቻ» አላቸው። ገምጋሚዋ ይህን እስኪሰሙ ከሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር አልተነሡም። ሲሄዱም፣ «ማመልከቻሽን እንደገና ጻፊና ላኪልኝ» ብለዋት ሄዱ።

በማግስቱ ኃላፊው ለሌላው ሠራተኛ ያደሉትን ቀለም ሲያስሰበስቡ፣ እመት ፕሮፖዛል ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። «ተጋላጭ የማኅበረሰብ ክፍሎች» የሚለውን ከየገጹ አጠፋችው። መጀመሪያው ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ልጄ አልጋዋን ትነክሳለች። አልጋው ሊድ እንዳለበት አላወቅሁም፤ ሥራዬ ግን ሊድ ነው።»

አትማ ለኃላፊው ሰጠቻቸው። እሳቸው የሰው ጽሑፍ ሳያርሙ አሳልፈው አያውቁም። ብዕራቸውን አነሡ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። ድርጅቱን የሚያዋርደውን ይሰርዙታል ብላ ጠበቀች። ምንም አልሰረዙም። ከሥሩ በእጃቸው ጻፉና ፈረሙበት፤ ፈንዱን ያመጣው ወረቀት እስከ ዛሬ እንዲህ ይነበባል፦

«ቀለሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ። መለኪያውም የተቆለፈው በእኔ ቁልፍ ነበር።»