መቅረጫው ሲነቃ

ልጅቷ ድራይቨር ትጽፋለች፤ ኮምፒውተርና ከሱ ጋር የተያያዘ ዕቃ የሚግባቡበትን ፕሮግራም ማለት ነው። ዕድሜውን በመጋዝ የገፋው አናጺ አባቷ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ሲገዛ፣ ድራይቨሩን የጻፈችለት እሷ ናት። "ልጅ መውለድ እንዲህ ነው!" እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቷል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቢሮዋ ደወለላት።

"መብራት ሄደ። ማሽኑ የያዘውን በር ቀርጾ ሳይጨርስ ቆመ፤ ኮምፒውተሩም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ድርግም አለ።"

"አትጨነቅ አባዬ፣ የያዘውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ጽፎ ነው የተኛው። መብራት ሲመጣ ክፈተው፣ ካቆመበት ይቀጥላል።"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ "ይቀጥላል" ያለችው ነገር ከነከናት። ድራይቨሩን የሞከረችው ኮምፒውተሩን ለአፍታ አስተኝታ፣ ማሽኑ መብራት ሳይቋረጥበት ነበር። ዛሬ ግን ማሽኑም አብሮ ጠፍቷል። ጠረጴዛዋ ላይ ለሙከራ ያስቀመጠችውን ትንሽ ሞተር በዚያው ድራይቨር አስነሳች፤ ሥራውን ሳይጨርስ ኮምፒውተሩን የያዘውን ዲስክ ላይ አጽፋ አስተኛችው፣ ሞተሩንም ነቅላ መልሳ ሰካችው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ቀሰቀሰችው።

ስክሪኑ ገና ጨለማ ሳለ ሞተሩ መሽከርከር ጀመረ። ማንም አላዘዘውም። ድራይቨሩ "የት ነው ያለኸው?" ብሎ ሳይጠይቅ የድሮውን ትእዛዝ ልኮበታል።

ክው አለች። አባቷን ታውቀዋለች፤ የቆመ ማሽን ካየ እጁን ከመቁረጫው ሥር ሰዶ ሰጋቱራውን ሳይጠርግ አያልፍም።

ደወለች፤ አያነሳም። እናቷ ጋ ደወለች።

"እማዬ፣ መብራት መጣ?"

"አንቺ ልጅ፣ ሰላምታ እንኳ የለም? አሁን መጣ፤ አባትሽም ጓሮ ወደ ሥራ ቤቱ ገባ።"

"ሩጪ! እጁን ከማሽኑ ያውጣ በዪው! ስልኩን እንዳትዘጊ!"

"በዚህ ጉልበቴ ነው የምሮጠው?" አለች እናት፤ ቢሆንም የልጇ ድምፅ አስደንግጧት ተነስታ ነበር። የነጠላ ጫማዋ ኮቴ በስልኩ ተሰማ፤ በሩ ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ከዚያ ማሽኑ አጓራ።

"አንተ ሰውዬ! እጅህን!"

አባቷ ጮኸ። የሆነ ነገር ተንኳኳና ወደቀ። ከዚያ ጸጥ።

"እማዬ! እማዬ!" የቢሮው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። 

"ነቅዬዋለሁ" አለች እናቷ እያለከለከች። "ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ።"

"እጁስ?"

"እጅጌውን ነው የያዘው። ክንዱ ተጭሯል፤ ጣቶቹ አሉ።"

ነፍሷ መለስ ያለችው ቤት ደርሳ በዓይኗ ስታየው ነው። አባቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል። "ምንም አልነካሁ፣ ስክሪኑ እንኳ አልበራም ነበር እኮ" ይላል፣ ደግሞ ደጋግሞ።

"እኔ ነኝ አባዬ፤ ማሽኑም አብሮ ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም።"

አየት አደረጋትና የተቀደደ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ። አለመቆጣቱ ይበልጥ አስፈራት።

ድራይቨሩን እዚያው ቁጭ ብላ አስተካከለችው። አሁን ሲነቃ አሮጌውን ትእዛዝ ይጥላል፤ ሞተሩ መቆሙን ያረጋግጣል፤ ሰው ቁልፍ ተጭኖ እስኪያዘው ይጠብቃል። አስተኝታ እየቀሰቀሰች አሳየችው፤ ማሽኑ ንቅንቅ አላለም። አባቷ ግን ከደጁ አልፎ አልገባም።

ከቀናት በኋላ ሥራውን ጀመረ። እናቷም ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ወንበሯን ተሸክማ ትመጣና ሶኬቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ሂጂ የሚላት የለም።