ዝም ያለው ካምቢዮ

ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ይላታል። መካኒክ ናት። የረጅም ካቻቢቴን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስታዳምጥ የትኛው ፒስተን እንደታመመ ሞተሩ ሳይፈታ ትናገራለች። እስካሁን ተሳስታለች ያለ ሹፌር የለም፤ የተናደደባት ግን ሞልቷል።

ታላቅ ወንድሟ ያንን አሮጌ የጭነት መኪና ጋራዧ በር ላይ ያቆመው ጠዋት ነበር። መኪናው አባታቸው ለሁለቱ የተወላቸው ነው፤ ይዞ የሚሠራበት ግን እሱ ብቻ ነው።

«ገዢ አግኝቻለሁ» አላት ገና ሳይወርድ። «ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣል። ‹ጆሮ ደህና ነው ካለች ዓይኔን ጨፍኜ እወስደዋለሁ› ብሏል። እስቲ ትንሽ አዳምጪና ደህና ነው በይው።»

«ደህና ከሆነ እላለሁ፣ ጋሼ።»

«ምን ማለትሽ ነው? የአባትሽን መኪና አታውቂውም እንዴ?»

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቃ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘች። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ዘይት አይደለም፤ የተበላሸ ወተት የመሰለ ዝልግልግ ነገር ነው። የራዲያተሩን ክዳን ስትከፍት ውሃው ላይ ቅባት ተንሳፍፏል። ስታስነሳው ከኋላ ነጭ ጭስ ተግተለተለ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አላቋረጠም።

«ውሃውን ከዘይቱ የሚለየው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ተቀላቅለዋል» አለች። ይሄ እንኳን አላስከፋትም። ያረጀ ነገር ይታመማል። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይወርዳል፣ ይስተካከላል፣ ይመለሳል።

ያልገባት የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ዝምታ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ካምቢዮ ከወንበር እንደሚነሳ ሽማግሌ ማቃሰት ነበረበት። ይሄኛው ግን ጭጭ ብሏል። «ከሠላሳ ዓመት በኋላ አፉን የዘጋው ማነው?» ብላ መሪውን ጨበጠች። ከጋራዡ ጀርባ ያለው ቁልቁለት ላይ በሦስተኛ ማርሽ እየወረደች እግሯን ከነዳጁ ስታነሳ ማርሹ ቷ ብሎ ወጣ። መኪናው እንደተፈታ ጥጃ ቁልቁል ተፈተለከ። በፍሬን ይዛ አቆመችው። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ ወጣ።

ከመቀመጫው ሥር መንጠቆ ያለው የጎማ ማሰሪያ አገኘች። ማርሽ መለወጫው ላይ ስታደርገው ልክክ አለ።

«ይሄ ምንድነው፣ ጋሼ?»

«እሱማ... የጃንጥላ ማሰሪያ ነው።»

«ጃንጥላህን ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነው የምታስረው?»

ከመኪናው ሥር ገብታ ሳፋ አስቀመጠችና የካምቢዮውን ማፍሰሻ ብሎን ፈታች። ምንም አልወረደም። በሽቦ ስትጎረጉረው ጥቁር አተላ እየተጎተተ መጣ፤ ከዘይት ጋር የተቦካ ሰጋቱራ፣ በመሀሉ የበሰበሰ የሙዝ ልጣጭ። ሽታው እንደ ሞተ አይጥ አፍንጫዋን ሰነፈገው። የተወሰነው ክንዷ ላይ ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። ተንፏቃ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ አቅለሸለሻት።

«ማነው ይሄን የሞላው?»

«ሁሉም ያደርገዋል» አላት ጫማውን እያየ። «ድምፁን ይውጣል። እኔ የመጀመሪያው ነኝ እንዴ?»

አባታቸው የማርሾቹን ጥርሶች አንድ በአንድ በጨርቅ ይጠርግ እንደነበር ልትነግረው ፈልጋ ተወችው። ቃሉ ራሱ አፏ ውስጥ የሚቆሽሽ መሰላት።

ገዢው በሰዓቱ መጣ፤ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሳቂታ ሰው። ወንድሟ ቀድሞ «ጆሮ ሰምታዋለች! እንደ ሰዓት ነው» አለ። እሷ ሳፋውን አንስታ ከሰውዬው አፍንጫ ሥር አስጠጋችው።

«የሚገዙት ይሄንን ነው፣ ጌታዬ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ይተፋል። ጭነት ይዞ ቢወርድ ፍሬኑ ብቻውን አይችለውም፣ ይገለበጣል።»

ይደነግጣል ብላ ጠብቃ ነበር። ሰውዬው ግን አተላውን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ አሸው፣ አሸተተው፣ ሳቀ።

«ግሩም አድርጎ ነው የሞላው! ስንት ቀን ዝም ይላል?»

«ምን?»

«እህቴ፣ እኔ አልነዳውም። ከላይ ከካባው ድንጋይ ለሚያወርድ አንድ ሹፌር ነው የማሳልፈው። አንቺ ደህና ነው ካልሽው ያምናል። መልሰሽ ሙዪው በቃ።»

ወንድሟም አብሮት ሳቀ። ከሰጋቱራውም ከሽታውም ይልቅ ያ ሳቅ አስጸየፋት። የካባውን መንገድ ሁለቱም ያውቁታል፤ አንድ ጎኑ ገደል ነው።

«ጋሼ» አለች ወደ ወንድሟ ዞራ፣ «መኪናው ግማሹ የኔ ነው አይደል?»

«ነው። ድርሻሽን መች ከለከልኩሽ?»

«የኔ ግማሽ ካምቢዮው ነው። ወስጃለሁ።»

ቀልድ መስሏቸው ነበር። ክሪክ አስገብታ፣ ሰንሰለት አስራ፣ መፍቻዋን ይዛ ሥር ስትገባ ነው የገባቸው። ወንድሟ ጮኸ፣ ለመነ፣ «ባለጌ!» አላት። ገዢው ሸሚዙን አራግፎ ሄደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካምቢዮው ወርዶ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠ። ያን ዕለት እጇን በናፍጣ፣ ከዚያም በሳሙና አጥባም ምግብ ሊወርድላት አልቻለም።

በሁለተኛው ቀን አክስቷ ደወሉ። «አንቺ ልጅ፣ የገዛ ወንድምሽን ጉሮሮ ትዘጊያለሽ?»

«አክስቴ፣ እኔ የካምቢዮውን ጉሮሮ ነው የከፈትኩት» አለቻቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ወንድሟ ራሱ መጣ። ያለ ካምቢዮ የቆመ መኪና የሚገዛ አላገኘም። በሩ ላይ ቆሞ ብዙ ካመነታ በኋላ «በትክክል ቢጠገን ስንት ቀን ይፈጃል?» አላት።

«መጀመሪያ ይታጠባል።» የናፍጣ ባልዲና ብሩሽ ፊቱ አስቀመጠች። «የሞላኸው አንተ ነህ።»

ተቀምጦ ከየጥርሱ መሀል አተላውን በጥፍሩ እየፈለቀቀ ማውጣት ጀመረ። ሁለት ጊዜ ተነስቶ ውጪ ወጣ፤ ሲያስመልሰው ሰማችው። ውሃ አቀበለችው፤ ፊቱን ግን ማየት አልቻለችም። እሱን ስታይ አሁንም ያ ሳቅ ይሰማታል።

«በቃ?» አላት በመጨረሻ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ።

ጎንበስ ብላ አየችው።

«አራተኛው ማርሽ ይቀርሃል፣ ጋሼ» አለችና ወደ ቴስታታው ሥራዋ ተመለሰች።