ከሁሉ ቀድማ የወረደችው

ጌዚነ ቮልራብ እስከ አስራ ስድስት ዓመቷ ድረስ የአጭር ርቀት ሯጭ ነበረች። ፈጣን ነበረች፤ ከፈጣኖች መሃል ስትቆም ግን ፈጣን አልነበረችም። ይህን ከማንም በፊት ያወቀችው ራሷ ናት። አንድ ቀን ኡልፍ የሚባል ጎልማሳ አሰልጣኝ ከሜዳው አጥር ማዶ ቆሞ ሲያያት ቆየና፣

"አንቺ ልጅ፣ ጎንበስ ብለሽ እንዲህ መሮጥ ትችያለሽ?" አላት።

"ለምን?"

"ነይ እስቲ፣ ይገባሻል።"

ወደ አልተንበርግ የበረዶ ቦይ ወሰዳት። ቦዩ ከአባቷ መንደር ሩቅ አይደለም፤ በልጅነቷ ከጫካው ማዶ ጩኸቱን እየሰማች አድጋለች። ስፖርቱ ስኬልተን ይባላል። ከትሪ ብዙም የማይበልጥ የብረት መንሸራተቻ ይዘው ጎንበስ ብለው ይሮጣሉ፤ ሩጫው ሲግል ዘለው በሆዳቸው ይተኙበታል። ከዚያ በኋላ ራስ ከፊት፣ እግር ከኋላ ሆኖ ቁልቁል ነው። ፍሬን የለም፣ መሪ የለም። ትከሻን ወይም ጉልበትን ጫን ማድረግ ብቻ። አገጭ በረዶውን ሊነካ ምንም አይቀረው።

የመጀመሪያ ቀን ታች ስትደርስ የራስ ቁሯን አውልቃ ዞራ ቦዩን አየችው።

"እንዴት ነው?" አለ ኡልፍ።

"እዚያ ውስጥ ማንም የለም እኮ።"

ኡልፍ ሳቀ። "ማን እንዲጠብቅሽ ፈልገሽ ነበር?"

በዚያው ቀረች። የበረዶውን ወቅት፣ ክረምቱን፣ ላትቪያ፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ እያለች፣ የሌላ ሰው ሽታ በማይለቃቸው ሆቴሎች ታድራለች። በጋውን የፌደራል ፖሊስ ደንብ ልብሷን ለብሳ ድሬስደን ባቡር ጣቢያ ትቆማለች፤ ደመወዟን የሚከፍሏት እነሱ ናቸው። በወጣቶች ውድድር ወርቅ አገኘች። ትልልቆቹ ዘንድ ስትደርስ አንዴ ሁለተኛ ወጣች፤ ብዙ ጊዜ አራተኛና አምስተኛ። ኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ በአጠገቧ አለፈ። አንዴ ትከሻዋ ተሰብሮ ነበር፤ ሁለተኛው ጊዜ ግን ምንም ሳትሆን ነው የቀረችው፣ እሱ ነው የከነከናት።

ቲልማን ከሚባል የኤክስሬይ ባለሙያ ጋር አምስት ዓመት ኖራለች። አንድ መጋቢት ላይ ሻንጣዋን ይዛ ከጉዞ ስትመለስ ወጥ ቤት ተቀምጦ ጠበቃት።

"በአንቺ ተናድጄ አይደለም" አላት። "ብቻዬን መኖር ለምጃለሁ፤ አሁን አሁን አንቺ ስትመጪ እንግዳ የመጣብኝ ይመስለኛል።"

አልተከራከረችውም፤ ተለያዩ። እውነቱን ነበር።

ሰላሳ አንድ ዓመቷ ላይ የዓለም ሻምፒዮናው አልተንበርግ፣ ደጃፏ ድረስ መጣ። ለአገሩ የሚሰለፉት ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ ለመጨረሻዋ ቦታ የቀሩት ጌዚነና ቱሪድ ነበሩ። ቱሪድ ከቱሪንገን ክፍለ ሀገር የመጣች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። በጉዞ ላይ ሦስት ክረምት አንድ ክፍል ተኝተዋል። ቱሪድ አልጋ ላይ የጉበት ቋሊማ በዳቦ ትበላለች፣ ፍርፋሪውን ጌዚነ ታራግፋለች። ልጅቷ ከግድግዳ ተጋጭታ ስትገባም ጀርባዋን ቅባት የምትቀባት ጌዚነ ናት።

ከማጣሪያው በኋላ ኡልፍ የመንሸራተቻ ብረት ወደሚለሰልስበት ክፍል ጠራት።

"ጌዚ፣ ተቀመጪ።"

"ቆሜ ልስማው።"

"ቱሪድ ናት።"

ጌዚነ በብርጭቆ ወረቀቱ ጣቷን ስታሽ ቆየች። "በብዙ?"

"በትንሽ። በጣም በትንሽ።"

"እንግዲህ ይሄ ሊያጽናናኝ ነው?"

ኡልፍ አንገቱን አከከ። "አንድ ነገር ልለምንሽ። መንገድ ከፋች ያስፈልገናል። ከተወዳዳሪዎቹ በፊት ወርዶ በረዶው ጤነኛ መሆኑን የሚያይ። ይህን ቦይ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።"

"ውጤት የማይያዝለት ሰው።"

"አዎ።"

"መጥረጊያ ሁኚልን ነው የምትለኝ።"

"መጥረጊያ የሌለው ቤት ደግሞ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጣ ወጣች።

በማግስቱ አባቷ ዘንድ ሄደች። ሃርትሙት ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ልጁ ስትወርድ አይቶ አያውቅም፤ ቴሌቪዥን ላይ ተራዋ ሲደርስ እንኳ እንጨት ላምጣ ብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል። ቅቅል ድንች በአይብና በተልባ ዘይት አቀረበላት።

"አላስገቡኝም፣ አባዬ።"

"ሰምቻለሁ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ነገረችኝ።"

"እሷ ደግሞ ከማን ሰማች?"

"እሷ የማትሰማው ምን አለ። ቀድመሽ ውረጂ ብለውሻል አሉ።"

"እሱንም ነገረችህ?"

"እሱን እንኳ ኡልፍ ደውሎ ነው።"

ጌዚነ ሹካዋን አስቀመጠች። "አንተ ብትሆን ምን ትለዋለህ?"

ሃርትሙት ድንቹን እየላጠ አሰበ። "እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የማለዳውን የመጀመሪያ አውቶቡስ ነድቻለሁ። አመዳዩን ጠርጌ ስነሳ ውስጡ ሰው የለም። እስከ ተራራው አናት ባዶዬን ነበር የምሄደው።"

"እና?"

"እና ምንም። ይበርድ ነበር።"

ጌዚነ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። አባቷ ሳህኑን ሲያጥብ ለኡልፍ ደወለችና እሺ አለችው።

የውድድሩ ቀን አመዳይ ይጥል ነበር። ቦዩን ተከትሎ ሕዝቡ ቋሊማውን እየበላ፣ ደወል እያንቃጨለ ተሰልፏል። ለተወዳዳሪዎቹ ስማቸው ይጠራል፣ ሙዚቃ ይለቀቃል። ለጌዚነ ግን ድምፅ ማጉያው "ቦዩ ክፍት ነው፣ መንገድ ከፋች" ብቻ አለ። ማንም ቀና ብሎ አላየም። ሮጠች፣ ዘለለች፣ ተኛች።

ውስጡ ያው ነበር፤ ነጭ ግድግዳ፣ የብረቱ ፉጨት፣ የራሷ ትንፋሽ። ዙሪያውን እንደ ቀለበት የሚጠማዘዘው ትልቁ ኩርባ ላይ ግን በረዶው እንደ ወትሮው አልነበረም። ትከሻዋን በለመደችው ቦታ ስትጫን መንሸራተቻው ከዳት፣ ግድግዳው ክንዷን ገጨው። ታች ስትደርስ አንድ ሽማግሌ አጨበጨበላትና፣ ሌላ የሚያጨበጭብ እንደሌለ ሲያይ እጁን ኪሱ ከተተ።

በመኪና ወደ ላይ መለሷት። ቱሪድ መነሻው ክፍል ውስጥ እየተሟሟቀች ነበር፤ ከንፈሯ ደርቋል።

"እንዴት ነው?"

ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ሐሳቡም መጥቶባታል። "ከትልቁ ኩርባ ስትወጪ ትከሻሽን ቶሎ አትጫኚ" አለቻት። "በለመድሽበት ቦታ አይደለም። ታገሺ፤ በረዶው ራሱ ይመልስሻል።"

ቱሪድ ዐይን ዐይኗን አየቻት። "እሺ" አለች።

ጌዚነ በቴሌቪዥኑ ተመለከተች። ቱሪድ እስከ ኩርባው ድረስ በጥሩ ፍጥነት ወረደች። እዚያ ስትደርስ ተጫነች፤ በለመደችበት ቦታ። መንሸራተቻው በጎኑ ዞረ፣ ከግድግዳ ግድግዳ አላጋት፣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "ኡ" አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ስሟ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበር።

ጌዚነ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ቱሪድን አንድ ጫማ አውልቃ፣ አንዱን እንዳደረገች ተቀምጣ አገኘቻት።

"ታገሺ ብለሽኝ ነበር።"

"አዎ።"

"ልትጥይኝ መስሎኝ ነው።"

ጌዚነ የወለቀውን ጫማ አንስታ አጠገቧ አስቀመጠችላት።

"እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን እዋሽሽ ነበር" አለች ቱሪድ። እንባዋ አፍንጫዋ ላይ ወረደ፣ በእጅጌዋ ጠረገችው። "ለዚያ ነው ያላመንኩሽ።"

ጌዚነ ንዴት ጠበቀች፤ አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው። ይህች ልጅ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ ሲያማት ምን እንደምትል ታውቃለች፤ ልጅቷ ግን ከሦስት ክረምት በኋላ ስለ እሷ ያሰበችው ትዋሸኛለች ብላ ነው። ትከሻዋን መታ አደረገቻትና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ስልኳን አወጣች። ለቲልማን መደወል አይሆንም። አባቷ "ይሁን" ይላታል። ለኡልፍ ከነገረችው ልጅቷን ይቆጣታል። የእናቷ ቁጥር አሁንም ስልኩ ውስጥ አለ። ስልኩን ወንበሩ ላይ ወረወረችና መስታወቱ በአመዳይ እስኪሸፈን ድረስ ተቀመጠች።

ውድድሩ የሁለት ቀን ነው፣ ሰዓቱም ይደመራል። በሁለተኛው ቀን ሰማዩ ጠራ፣ ብርዱ ጠና። ጌዚነ እንደገና ቀድማ ወረደች፤ በዚህ ቀን ምንም አልነካትም። ወደ ላይ ስትመለስ ቱሪድ በር ላይ ጠበቀቻት።

"ዛሬስ?"

"ዛሬ የትናንቱን እርሺው። እንደ ልማድሽ ሂጂ፣ አትፍሪ።"

"እሺ" አለች ቱሪድ። በዚህ ጊዜ ዐይኗን አልመረመረችም።

ልጅቷ እንደ ውሃ ወረደች። ሜዳሊያ የለም፤ ያለፈው አልፏል። ግን ስምንተኛ ሆና ጨረሰች። ታች ወላጆቿና ጋዜጠኞች ከበቧት። በሰው ትከሻ መሃል ጌዚነን አይታ እጇን አነሳች፤ ወዲያው አንዱ ክንዷን ይዞ ወደ ካሜራው አዞራት። ጌዚነም እጇን አንስታ ነበር። አወረደችውና መንሸራተቻዋን ለመጠቅለል ሄደች።

ሚያዝያ ላይ ለኡልፍ ውድድር ማቆሟን ነገረችው።

"ውስጥሽ ገና አንድ ክረምት አለ" አላት።

"አለ። እስቲ ለራሴ ላውለው።"

በበጋው ቱሪድ አንዴ ደወለች። አዲሷ የክፍል ጓደኛዋ እንደምታንኮራፋ፣ መስኮት ዝጊ ሲሏት እንደምትቆጣ አወራቻት። "ፍርፋሪውንም አታራግፍልኝም" አለች። ተሳሳቁ። እንገናኝ ተባባሉ፤ ቀን ግን አልቆረጡም።

የውድድሩ ወቅት የሚጀምርበት ኅዳር ገባ። ጌዚነ ከልጅነቷ ጀምሮ በኅዳር ቤት ተቀምጣ አታውቅም። ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባት። ገበያ ወጥታ የማትፈልገውን መጋረጃ ገዛች፤ አንድ ቅዳሜ ደግሞ የከተማው መዋኛ ገባች። ውሃው ሞቅ ያለ ነው። ጥልቁ ጫፍ ላይ ብረቱን ይዘው እግራቸውን የሚያፍታቱ አሮጊቶች ነበሩ፤ አንዷ፣ ሰማያዊ ቆብ ያደረገችው፣ የጌዚነን ትከሻ አየት አድርጋ፣

"የኔ ልጅ፣ ስፖርተኛ ነሽ መሰለኝ?" አለቻት።

"ፖሊስ ነኝ።"

"እሱማ ይታወቃል፣ ቀጥ ብለሽ ነው የምትቆሚው። ስፖርትስ?"

"ትንሽ ሠርቼ ነበር" አለች ጌዚነ።

"ጎሽ። እኛ ማክሰኞም እንመጣለን። ጠዋት ነው፣ ሰው አይበዛም።"

"ማክሰኞ ሥራ አለኝ።"

"እንግዲያው ቅዳሜ" አለች አሮጊቷ፣ ወደ ጓደኞቿም ዞረች።

ጌዚነ ፊቷን ውሃው ውስጥ ነክራ በዝግታ መዋኘት ጀመረች።