መዝገቡ ይታይልኝ

ፈንታነሽ ልጇ ደምሴ ጉና ላይ ሸፍቶ ከቀረ ወዲህ ይሙት ይታሰር አላወቀችም። ደብረ ታቦር ያለው የጣሊያን ሹም የእስረኞችን ስም በመዝገብ እንደሚያሰፍር ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ገሰገሰች።

በደብራቸው በወንጌሉ ኅዳግ የሰፈረውን የርስት ጽሑፍ ለማየት የሚሻ ሰው ወንጌሉ ከመከፈቱ በፊት በሽማግሌ ፊት ዘሩን ይቆጥራል፤ አንዲት ነገር የደበቀ እንደሆነ ወንጌሉ ይታጠፍበታል። እሷም ከዚህ ሌላ ሥርዓት አታውቅም።

«ልጄ፣ መዝገቡ ይታይልኝ» አለችው ከሹሙ ጎን የቆመውን አስተርጓሚ።

«የማንን ስም ልፈልግልዎ፣ እናቴ?»

የደምሴን አባትና አያት ቆጠረች። ጉና መግባቱን፣ ብርዱ ሲጠናበትም እብናት ወርዶ አጎቱ ቤት እንደሚያድር ሳይቀር ተናገረች። አስተርጓሚው ቃሏን እየተቀበለ ለሹሙ ያቀብላል፤ ሹሙም ይጽፋል።

«እናቴ፣ የርስት ሙግት አደረጉት እኮ!» ብሎ አስተርጓሚው ሳቀ።

«ታዲያ ልጄ አለ ወይ?»

ሹሙ መዝገቡን አዙሮ ለአስተርጓሚው አሳየው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«አልነበረም፣ እናቴ። ከታሰሩትም ከሚፈለጉትም ውስጥ አልነበረም። አሁን በአንቱ ቃል ተጻፈ።»

ሹሙ አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«የአጎቱ ቤት በየት በኩል ነው? ይላሉ።»

አፏን በሁለት እጇ ያዘች።