ከሩቅ እንዲታይ

«ሹካውን አንሺው! ሟቹን ልትወጊው ነው እንዴ?» አለች ግላፊራ።

ፔላጌያ ማርኮቭና ሹካውን ከገበታው አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በሐዘን ገበታ ማንኪያ እንጂ ሹካ እንደማይቀርብ ጠፍቷት አይደለም። የረሳው እጇ ነው። ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ እጇ ከሷ ተለይቶ የራሱን ኑሮ ይኖራል፤ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ባዶ ባልዲ ይዛ ትመለሳለች፣ ለአንድ ሰው ሾርባ ልትሠራ ተነስታ የሁለት ሰው ድንች ትልጣለች።

«ተቀመጪ አንቺ፤ እኔ አለሁ አይደል?» አለች ግላፊራ ደግማ። ይህች ጎረቤቷ ድምፅዋ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። የስንዴውን ንፍሮ ሌሊት ዘፍዝፋ፣ ጠዋት ቀቅላ፣ ማር በጠፋበት ዘመን በቀይ ሥር ጭማቂ አጣፍጣዋለች። ከድንች ልጣጭና ከአንድ ጭብጥ ዱቄት ስስ ቂጣ ጋግራለች። ያ ሁሉ ከየት እንደመጣ እሷና ፈጣሪዋ ብቻ ያውቃሉ።

የፔላጌያ ልጅ የአርሴኒ አርባ ነው። ሦስተኛውም ዘጠነኛውም ቀን የሞቱ ደብዳቤ ገና መንገድ ላይ ሳለ አልፈዋል። በነዚያ ቀናት እናቱ ልጄ ደህና ነው ብላ የሱፍ ካልሲ እየሠራችለት ነበር። ሁለተኛው እግር ተረከዙ ላይ ሲደርስ ቆሞ ቀርቷል፤ ካልሲው አሁንም ምድጃው ጫፍ ላይ አለ፣ ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። ፎቶግራፉ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ከፊቱ አንድ ብርጭቆ አረቄ በጥቁር ዳቦ ቁራሽ ተከድኗል፤ መስተዋቱ በጥቁር ጨርቅ እንደተሸፈነ ነው።

ገበታውን የከበቡት ስምንት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌው ዴምያን ይባላል፤ የኅብረት እርሻውን ፈረሶች የሚጠብቅ ሰው ነው። እሱም ባለፈው በጋ ልጁን በጦርነቱ አጥቷል።

«ነፍሱን ይማር» አለ ዴምያን፣ ብርጭቆውን ከማንም ጋር ሳያጋጭ ጠጥቶ። «ጥሩ ልጅ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የኔው ልጅ እንኳ በውጊያ ነው የሞተው።»

 ማንኪያዎቹ ቆሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ መንደር አርባ ሁለት የሞት ደብዳቤ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ደብዳቤ ማንበብን እንደ ሊቅ ተክነውታል። የዴምያን ልጅ ደብዳቤ «ለአገሩ ሲዋጋ በጀግንነት ወደቀ» ይላል። የአርሴኒ ግን «የአገልግሎት ግዴታውን ሲወጣ ሕይወቱ አለፈ» ይልና ዝም ይላል። በዚህ ላይ የፖስተኛዋ ወንድም ከአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ሲመለስ ወሬ ይዞ መጣ። ጀርመን በሰማይ አልነበረም፣ ጥይትም አልተተኮሰ፣ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኑን የከሰከሰው አብራሪው አርሴኒ ራሱ ነው፣ ሁለት ጓዶቹንም ጨርሷል አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ጠጥቶ ነው ያለም አለ፤ ፈርቶ ነው ያለም አለ። በፔላጌያ ፊት ማንም አልተናገረውም፤ እሷ ግን ውሃ መቅጃው ጋ ስትደርስ ጨዋታ ሲቋረጥ እየሰማች ሁሉን ታውቅ ነበር።

ልጇ መሞቱን ለመቀበል እየታገለች ነው፤ አንድ ቀን ትቀበለው ይሆናል። እንዴት እንደሞተ ሳታውቅ ግን አርባው አልፎ ነፍሱ ከቤቱ ልትወጣ መሆኑ ነበር ያንገበገባት።

አርሴኒ ፈሪ አልነበረም፤ ይልቅስ ሌላው እንዳይፈራ የሚጠነቀቅ ልጅ ነበር። ስምንት ዓመቱ ሳለ ወንዙን ዋኝቶ ይሻገር ጀመር። እናቱ ዳር ላይ ቆማ ነፍሷ ልትወጣ ስትደርስ፣ እሱ ማዶ ወጥቶ ገና ውሃውን ከፊቱ ሳይጠርግ ግራ እጁን ከፍ ያደርግላታል። አለሁ ማለቱ ነው። አንድ ቀን ብትመታውም ልማዱን አልተወም፤ ዋናውንም፣ እጅ ማንሳቱንም።

በሩ ሲንኳኳ ግላፊራ ከፈተች። ደፉ ላይ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የተለቀለቀች፣ የወታደር ካፖርት የለበሰች ሴት ቆማለች። ዕድሜዋ ከሃያ አምስት አይበልጥም፤ የጣቶቿ ስንጥቆች በማሽን ዘይት ጠቁረዋል።

«የአርሴኒ እናት ቤት ይሄ ነው? ታይሲያ እባላለሁ። የአውሮፕላኑ መካኒክ ነበርኩ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ግላፊራ ወደ ፔላጌያ ጆሮ ጠጋ ብላ በሷ ቤት አንሾካሾከች፤ ገበታው በሙሉ ሰማት። «ሙሽራዋ መጣች። ዓይኗን እዪው፣ አልቅሳ አልቅሳ!»

«የሱ ሙሽራ አይደለሁም» አለች ታይሲያ። «ባሌ እግረኛ ጦር ውስጥ ነው። ሞተር ልናመጣ ወደ ከተማ ተልከን በዚህ እያለፍን ነው። መኪናው ከሁለት ሰዓት በኋላ ከወፍጮው ማዶ ያነሳኛል።»

ፔላጌያ ከአጠገቧ አስቀመጠቻት። ንፍሮ ቀረበላት፤ አንድ ማንኪያ ጎርሳ ማንኪያውን አስቀመጠች። እናትየዋም እንግዳ እስኪበላ መጠበቅ አቃታት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጠጥቶ ነበር?»

«ማን? አርሴኒ? ከበረራ በፊት ሻይ እንኳ አይጠጣም ነበር፣ ሽንቴ ይመጣል እያለ።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳታስበው ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች።

«ታዲያ ለምን ወደቀ?»

ታይሲያ ተነስታ ቆመች፤ ተቀምጣ ልትናገረው የምትችለው ነገር አልነበረም።

«ከክንፉ ሥር ወደ ፊት የወጣች ጣት የምታህል ቱቦ አለች። ነፋሱ በሷ ሲገባ አብራሪው ፍጥነቱን ያውቃል። ያለሷ ዕውር ነው። ስንቆም በረዶ እንዳይደፍናት ከረጢት እናለብሳታለን። ከመነሳቱ በፊት ከረጢቷን አወልቅና ከፊቱ ቆሜ ከፍ አድርጌ አሳየዋለሁ። እሱም ግራ እጁን ያነሳል። አየሁ ማለቱ ነው። ሳላሳየው ተነስቶ አያውቅም።»

«ግራ እጁን» አለች ፔላጌያ።

«ግራ እጁን። የዚያን ቀን በረዶ ይጥል ነበር፣ ቶሎ ተነሱ ተባለ። እኔ ከክንፍ ክንፍ እሮጣለሁ። ሞተሩ ሲነሳ እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ከረጢቷን አገኘኋት። አውልቄያታለሁ ማለት ነው አልኩ። ከፍ አድርጌ አሳየሁት። እጁን አነሳልኝ፤ ሄደ።» እጇን ካፖርቷ ኪስ ከተተች። «ኪሴ የነበረችው ትርፏ ናት። ሌላዋ ቱቦው ላይ ነበረች።»

ታይሲያ ቀጠለች።

«ፍጥነት አያሳየኝም ብሎ በሬዲዮ ተናገረ። ከታች መንደር ስለነበረ ቦምቡን ወስዶ ረግረግ ላይ ጣለ። ሊያርፍ ሲዞር ፍጥነቱ አነሰበትና አውሮፕላኑ በአንድ ክንፉ ተደፋ። ሁሉም ተቃጠለ። ማታ የዕቃ ሳጥኔን ስፈትሽ ከረጢቷ አንድ ብቻ ሆነች፤ ያኔ ገባኝ። ለአለቃዬ ሄጄ ተናገርኩ። ሦስት ሰው አጥቻለሁ፣ መካኒክ አልጨምርም፣ ዝም ብለሽ ሥሪ አለኝ። የአብራሪው ስህተት ተብሎ ተጻፈ። የአብራሪው አይደለም፣ እማማ። የኔ ነው። ለሁለቱ እናቶች ጽፌያለሁ። ወደ እርስዎ ግን በእግሬ መምጣት ነበረብኝ።»

ይህን በአደባባይ መናገር በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል ገበታው ላይ ያልገባው አልነበረም። አንድ ሰው ለአንድ ሹም ሹክ ቢል ሴትዮዋ ለፍርድ ትቀርባለች። ዓይን ሁሉ ወደ ዴምያን ዞረ።

ሽማግሌው ጢሙን አሻሸ። «እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለ። «ጆሮዬ ከጥንትም አይሰማ። ልጁ ቦምቡን መንደር ላይ አልጣለም ያለችውን ብቻ ነው የሰማሁ።» ተነስቶም ወደ ፎቶግራፉ ጎንበስ አለ። «ይቅር በለኝ አንተ ልጅ።»

ፔላጌያ ይህችን ቃል ለመስማት አንድ ወር ሙሉ ስትማልድ ነበር። አሁን ስትሰማት ግን ዘወር ብላም አላየችም።

«ከረጢቷ ነጭ ናት አይደል?» አለች።

ታይሲያ አቀረቀረች።

«ነጭ የሆነችው እኔ ስለሰፋኋት ነው» አለች ፔላጌያ ለገበታው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ጥቅምት ላይ አርሴኒ እንዲህ ብሎ ጽፎላት ነበር፦ «እማ፣ ስንዝር የምታህል ከረጢት ስፊልኝ። የአውሮፕላኔ ጣት እንዳይበርዳት ነው። ቀይ ይሁን፣ ከሩቅ እንዲታይ።» ቤቱ ውስጥ የነበረው ቀይ ጨርቅ አንድ ብቻ ነው፤ በሠርጓ ቀን የጠመጠመችው ሻሽ። ለአርሴኒ ሙሽራ ብላ ሳጥን ውስጥ አኑራዋለች። ለብረት ጣት ብዬ የሙሽራ ሻሽ ልቀድ? አለች በሆዷ። ያረጀ ነጭ አንሶላ ቀደደች። ሰስታለች እንዳይባልም ሁለት አደረገቻቸውና ደብዳቤው ላይ «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነውና ሁለት ሰፍቼልሃለሁ» ብላ አስጻፈች። አንድ ልጅ ብቻ ያላት እሷ።

«ክንፉም በክረምት ነጭ ይቀባል፣ አይደል?»

«ይቀባል። ግን ማውለቅ የኔ ሥራ ነው፣ እማማ። ቢያሻው ጥቁር ይሁን፣ የኔ ሥራ ነው።»

«ቀይ ብሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ከረጢቶቹ የደረሱ ቀን ሳቀ። ሻሿን ለሙሽራዬ አስቀርታዋለች፣ ሙሽራዋን ሳላገኛት ቀናሁባት አለ። ቀይ ቀለም ስናገኝ እንነክራቸዋለን አለ። ቀለም አላገኘንም።»

ያኔ ፔላጌያ አለቀሰች። ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ አላለቀሰችም ነበር፤ አሁን ግን ደረቷን እየመታች፣ የልጇን ስም እየጠራች አለቀሰች። ታይሲያ እግሯ ሥር ወደቀች። ሴቶቹ ሁለቱንም ይዘው አብረው አለቀሱ፤ ማንን ከማን እንደሚያጽናኑ ጠፋቸው።

እንባው ሲወጣላት ተነስታ ሳጥኑን ከፈተች። ሻሹን አወጣች፤ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። መርፌና መቀስ ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

«ማርኮቭና! ምን ልትሆኚ ነው?» አለች ግላፊራ። «በአርባው መርፌ አይያዝም። ፀሐይ ሳትገባ፣ ነፍሱ ገና ከቤቱ ሳትወጣ!»

«ሳትወጣ ነው እንጂ የሚሻለው። ነፍሱ ትየው።» ወደ ታይሲያ ዞረች። «አሁን ሌላ አውሮፕላን ሰጥተውሻል?»

«ሰጥተውኛል።»

«አብራሪው እናት አለችው?»

«አለችው።»

መቀሱ ሻሹን ሲቆርጠው ግላፊራ ዓይኗን ጨፈነች። ፔላጌያ በጥንቃቄ፣ ስፌት በስፌት፣ ስንዝር የምታህል ከረጢት ሰፋች። እጇ ዛሬ ምንም አልረሳም። ከቀረው ጨርቅ ክንድ ተኩል የሚሆን ጭራ ሠራችላት፣ ነፋስ ሲነካው እንዲውለበለብ። ታይሲያ ገና ትርፍ ጨርቅ እንዳለ አይታ «ሌላም ይወጣዋል» ስትላት ራሷን ነቀነቀች።

«አንድ ብቻ። ኪስሽ ውስጥ ሌላ አይኑር።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከምድጃው ጫፍም አንዱን የተጠናቀቀ ካልሲና ያልተጠናቀቀውን አንስታ ሰጠቻት፤ ተረከዙን አንቺ ጨርሺው አለቻት።

ሰው ሁሉ እስከ አጥሩ ሸኛት። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሜዳው ግን ገና በረዶውን አልጣለም፣ እስከ ወፍጮው ድረስ ነጭ ነው።

«ወፍጮው ጋ ስትደርሺ ዞረሽ አሳዪኝ» አለች ፔላጌያ። «የማየው እንደሆነ ልወቅ።»

ታይሲያ ሄደች። ካፖርቷ እያነሰ፣ ከአጥሮቹ ጋር እየተመሳሰለ ሄደ። ግላፊራ ብርድ ነው ግቢ ብትላትም ፔላጌያ አልተንቀሳቀሰችም። ወፍጮው ጋ ሲደርስ ያ ግራጫ ነጥብ ቆመ፤ ዞረ። ከነጩ ሜዳ በላይ ቀይዋ ከፍ አለችና ጭራዋ በነፋሱ ተዘረጋች።

ፔላጌያ ማርኮቭና ትንሽ ቆየች። ከዚያ ግራ እጇን ወደ ላይ አነሳች።