የታነቀው እሳት

ሦስት ቀን ሙሉ እንጨት ቢማገድለትም የእቶኑ ሙቀት ንቅንቅ አላለም። ሸክላ ሠሪዋ በቀዳዳው አጮልቃ ስታይ፣ ማሰሮዎቿ ላይ የቀባችው አመድ ቀልጦ እንደ መስታወት በማብረቅ ፈንታ ዱቄት እንደመሰለ ነው። ያ ሆዳም እቶን እንጨቱን ጨረሰ፤ አጥሩን ነቅላ ሰጠችው፤ በሩንም በላ። በመጨረሻ አባቷ ጠርበው ያወረሷትን የሸክላ ማሽከርከሪያ፣ እንባዋን እየዋጠች ፈልጣ ጨመረችለት።

ዓይናቸው የጠፋ እናቷ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡና ጆሯቸውን ወደ እቶኑ ጣል አደረጉ።

"አንቺ ልጅ፣ በቃሽ! መቼ ራበው? ታንቆ እኮ ነው! ፍሙን ዛቂለት፣ ይተንፍስ።"

ፍሙን ስትዝቅለት እሳቱ ቦግ አለ። አመዱም እንደ ማር ቀለጠ።

"ቀለጠ፣ እማዬ።"

"እሰይ! በይ ማሽከርከሪያውን አቀብዪኝ፣ ለነገ ልወልውልልሽ።"